በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፦ ከአገር ገዥነት እስከ ሕገ መንግሥት አርቃቂነት

በአሜሪካ በአንድ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ሕግ ሲያወጣ የኖረ ሰው ጊዜው ሲደርስ ለዚያው ክፍለ ግዛት አስተዳዳሪነት ይወዳደራል። በምክር ቤት የሠራውን ይዞ ወደ ሕዝብ ይወጣል፤ የሚያነሣውም የሚጥለውም የመራጩ ድምፅ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በነበረችው ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረም። ምክር ቤትም፣ መራጭም፣ የድምፅ ሣጥንም ገና አልተፈጠሩም ነበር። አገር ገዥ የሚሾመው በዘውድ ነው፤ የሚሻረውም በዘውድ ነው። በሪያድ የሚኖር አንባቢ የክልል አሚር በንጉሣዊ ትእዛዝ እንደሚሾም ስለሚያውቅ ሥርዓቱ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚያ ዘመን ከአገር ገዥነት ተነሥተው ለአገሪቱ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት እስከ ማርቀቅ የደረሱ አንድ ሰው ነበሩ። እኚህም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ወታደር፣ ገበሬ፣ የቴአትር ደራሲ፣ አገር ገዥ፣ የገንዘብ ሚኒስትርና ዲፕሎማት ሆነው አገልግለዋል። ሥራቸው ብዙ ዓይነት ቢመስልም ውስጡ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ሹም የሚገዛበት ወሰን በጽሑፍ ታውቆ ሊቀመጥ ይችላልን? ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ በአንድ አውራጃ፣ ቀጥሎ በአገር፣ በመጨረሻም በዓለም መድረክ ፊት አቀረቡት።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1884) በሰሜን ሸዋ በሳያደብር ነው። ገና በልጅነታቸው ከትውልድ ቀያቸው ርቀው ወደ ሐረር ተሻገሩ፤ በዚያም በራስ መኮንን ቤት ገብተው አደጉ። ሐረር በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰውና ዕቃ፣ ወሬና ሐሳብ ሁሉ ወደ መሀል አገር ከመዝለቁ በፊት የሚያርፍባት ደጃፍ ነበረች። ዓረቡ፣ ሶማሌው፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ ይገናኙባት ነበር። የከተማዋ ገዥ ራስ መኮንን ጣሊያንንና እንግሊዝን በመልእክተኛነት ሄደው ያዩ፣ የውጭውን ዓለም አሠራር የሚያውቁ መስፍን ነበሩ። በእርሳቸው ቤት ያደገ ብላቴና ዓለም ከሸዋ ተራሮች ባሻገር እንደሚሰፋ ቀድሞ ይረዳል።

የዐድዋ ጦርነት ሲከፈት ተክለ ሐዋርያት ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። የራስ መኮንንን ሠራዊት ተከትለው ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውንም ድል በዐይናቸው አዩ። የድሉ ወሬ በአውሮጳ ሲሰማ ከሁሉ ይልቅ በሩሲያ ዘንድ ታላቅ የወዳጅነት ስሜት ቀሰቀሰ። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይመላለስ የነበረው ሩሲያዊው ሌዎንቲየፍ ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሹ ተክለ ሐዋርያት በራስ መኮንን ፈቃድ አብረው ተጓዙ። ከዘመቻ ገና የተመለሰ የሐበሻ ልጅ ቋንቋውንም ብርዱንም ወደማያውቀው አገር ሄደ።

በሩሲያ የቆዩት ከዐሥር ዓመት በላይ ነው። በትልልቅ ቤተሰቦች ጥላ ሥር አድገው በሴንት ፒተርስበርግ በታወቀው የሚካኤል የመድፈኞች ትምህርት ቤት የጦር ትምህርት ተማሩ፤ የመኮንንነት ማዕረግም አገኙ። በዚያ ዘመን ሩሲያ ራሷ በፈተና ውስጥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ከጃፓን ጋር ተዋግታ ተሸነፈች፤ በዚያው በ1905 ዓመፅ ተነሥቶ ዛሩ ዱማ የተባለውን ምክር ቤት ለማቋቋም ተገደደ። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ መኮንን ሁለት ነገር ተመለከቱ። አንደኛው፣ ጃፓን የተባለች የእስያ አገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሠልጥና ታላቅ የአውሮጳ ኃይል ማሸነፏ ነው። ሁለተኛው፣ ዙፋን ምንም ያህል የቆየ ቢሆን ሕዝብ የሚናገርበት ቦታ ካልሰጠ እንደሚናወጥ ነው። ሁለቱም ነገሮች ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በእጃቸው በተጻፈው ሕገ መንግሥት ላይ ጥላቸውን አጥልተዋል።

ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ በሚማሩበት ጊዜ በቀይ ባሕር ማዶም አዲስ ዘመን እየተከፈተ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1902 ወጣቱ አብዱልዓዚዝ ኣል ሱዑድ ሪያድን መልሰው ያዙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። የአንዱ ትውልድ ሰዎች በባሕሩ በሁለቱም ወገን፣ የተበታተነውን አንድ አድርጎ በሥርዓት የማስተዳደር ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ያገኙት አገር ትተውት የሄዱትን አልነበረም። አሳዳጊያቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ተይዘዋል፤ በቤተ መንግሥት ዙሪያ ሹክሹክታና ፉክክር ነግሧል። ከሰው አገር ቋንቋና ትምህርት ይዞ የመጣ ወጣት በአንድ በኩል ይደነቃል፣ በሌላ በኩል ይጠረጠራል። ተክለ ሐዋርያት ጥቂት ቆይተው እንደገና ወደ አውሮጳ ሄዱ፤ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ሲቆዩ የግብርናን ነገር በቅርብ ተከታተሉ። መድፍ የተማረው መኮንን ወደ ማረሻ ማዘንበሉ እንዲያው የመጣ አልነበረም። የአገሩ ሀብት ከመሬት እንደሚወጣ፣ የአገሩም ችግር ከመሬቱ አያያዝ እንደሚጀምር ተረድተው ነበር።

ያን ችግር ለመረዳት የዘመኑን አስተዳደር ማስታወስ ያሻል። በዚያ ጊዜ የመንግሥት ሹምና ወታደር በወር የሚቈጠር ደመወዝ አልነበረውም። በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመደብለታል። ገባሩ እህል ይሰፍራል፣ ማር ያገባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የሹሙን እርሻ ያርሳል፣ ቤቱን ይሠራል። ግብሩ ስንት እንደ ሆነ የሚያውቀው ከፋዩ ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ሹም ሲሻር አዲሱ ሹም ደግሞ ከራሱ ሰዎች ጋር ይመጣል፤ ገባሩም ከአዲስ እጅ አዲስ ትእዛዝ ይቀበላል። በዚህ ሥርዓት ጭካኔ የአንድ ክፉ ሰው ጠባይ ብቻ አልነበረም። ደግ ሹም እንኳ የሚኖረው ከገባሩ ጉልበት በመሆኑ ጭነቱ በአሠራሩ ውስጥ የተሰፋ ነበር።

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ የራስ መኮንን ልጅ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ተክለ ሐዋርያት በአባት ቤት ያደጉ ናቸውና ከልጁ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው። ከለውጡ በኋላ በነበሩት ዓመታት የፊታውራሪነት ማዕረግ ይዘው የጅጅጋ ገዥ ሆኑ። ጅጅጋ ከሐረር ወደ በርበራ የሚወርደው የቅፍለት መንገድ የሚያልፍባት፣ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመልና ከብት የሚሸጡባት የሜዳ ከተማ ናት። በዚያ የሥራ ዘመናቸው ስማቸው ከከተማዋ አሰላለፍና ከቀጥተኛ ጎዳናዎቿ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ቢሆንም የዘመኑ ሹመት እንደ ጧት ጤዛ ነበር፤ ሹም ሽሩ ሲመጣ ሥራ ከነጅምሩ ይቀራል። ተክለ ሐዋርያትም ከጅጅጋ ተነሡ።

ከሹመት ውጭ በነበሩበት ጊዜ ማንም ያላሰበውን መሣሪያ አነሡ፤ ይህም ብዕር ነበር። በአዲስ አበባ ለእይታ የበቃው ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ፣ በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ነው። በአውሮጳ ቴአትር ቤት ገብተው ያዩ ሰው እንደ መሆናቸው ሕዝቡን ሳቅ እያስመሰሉ ለማስተማር ፈለጉ። በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ የቀረበው ጨዋታ የቤተ መንግሥቱን ስንፍና፣ ጉቦንና የሹማምንቱን ግፍ የሚነቅፍ ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል የነበሩት መኳንንት ዘይቤውን ለመፍታት አልተቸገሩም። ቴአትሩ እንዳይታይ ተከለከለ፤ ለረጅም ዓመታትም በአገሪቱ ቴአትር የሚባል ነገር ቀዝቅዞ ቀረ። እንግዲህ ተክለ ሐዋርያት በምክር ቤት ሊናገሩት የሚገባቸውን ነገር በአንበሳና በቀበሮ አፍ የተናገሩት ምክር ቤት ስላልነበረ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የተሰጣቸው ሹመት ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን አስጠርቷል። በ1910ሮቹ አጋማሽ ራስ ተፈሪ የጨርጨር ገዥ አድርገው ሾሟቸው። ጨርጨር ከሐረር በስተ ምዕራብ ያለ፣ ደጋውና ወይና ደጋው ለም የሆነ፣ ቡናው የታወቀ አገር ነው። ከተራራው ግርጌ በሜኢሶ በኩል የጅቡቲ ባቡር ያልፋል፤ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለ ደረሰ የጨርጨር ቡና ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ተከፍቶለታል። ለም መሬት፣ ገበያና ባቡር በአንድ ቦታ ስለ ተገናኙ አውራጃው ለአዲስ አሠራር መሞከሪያ እንዲሆን ተመረጠ። ሐሳቡም አንድ አውራጃ በሥርዓት ቢተዳደር ሌሎች አውራጃዎች ከእርሱ ይማራሉ የሚል ነበር።

ተክለ ሐዋርያት በጨርጨር ሥራቸውን የጀመሩት በጽሑፍ ነው። የሹሙን ሥልጣን፣ የገባሩን ግዴታ፣ የመሬቱን ልክና የግብሩን መጠን የሚወስን ደንብ እንዲኖር ደከሙ። ገበሬው የሚከፍለውን አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ከተወሰነው በላይም እንዳይጠየቅ ማድረግ የአሠራሩ ዋና ዓላማ ነበር። ቡና እንዲስፋፋ አበረታቱ። ለአውራጃው መቀመጫ የምትሆን አዲስ ከተማ ቈረቈሩ፤ ስሟንም በአልጋ ወራሹ ስም አሰበ ተፈሪ አሏት። ዛሬ ጭሮ ተብላ የምትጠራው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ የሚያልፍባት ናት። በመጀመሪያ ዘመኗ የጎብኚዎችን ዐይን የሳበችው መንገዷና ቤቷ በዕቅድ የተሠራች በመሆኗ ነው።

ጨርጨር ብዙ ተወድሷል፤ ሆኖም የሙከራው ድካም በዚያው ውስጥ ነበር። ደንቡ የተጻፈው በገዥው እጅ ነው፤ የሚጠብቀውም ገዥው ራሱ ነው። ገበሬው ደንቡ ተጣሰብኝ ብሎ ቢነሣ አቤት የሚለው ለዚያው ለገዥው ወይም በላይ ላለው ሹም ነበር። የአውራጃው ሕዝብ ገዥውን አልመረጠውም፤ ቢወደውም ሊያቆየው አይችልም። ስለዚህ የአሠራሩ ዕድሜ በአንድ ሰው የሹመት ዕድሜ ተለካ። በዙሪያው ያሉት አውራጃዎችም ደመወዝ ከሌለው ሠራዊትና ከአሮጌው የገባር ሥርዓት ጋር እንዳሉ ቀጠሉ። አንድን አውራጃ ብቻውን ማስተካከል እንደማይበቃ፣ ሕጉ ከላይ መጀመር እንዳለበት ከዚህ ሥራ የተሻለ አስተማሪ አልነበረም።

ያ ዕድል የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ነው። ተክለ ሐዋርያት በበጅሮንድነት ማዕረግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። የአቢሲንያ ባንክ ከባለቤቶቹ ተገዝቶ በኢትዮጵያ ባንክ የተተካው በዚያው ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ጊዜ ለአገሪቱ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ አዘዟቸው። የልዩ ልዩ መንግሥታትን ሕግ መርምረው ከሁሉ ይበልጥ የተከተሉት እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ምርጫው ምክንያት ነበረው። ጃፓን ንጉሠ ነገሥቷን ሳታወርድ፣ በባዕድም ሳትገዛ ሠልጥናለች። በዚያ ዘመን ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የጃፓንን መንገድ ለአገራቸው ይመኙ ነበር፤ ተክለ ሐዋርያት ደግሞ የዚያችን አገር ኃይል በሩሲያ ሽንፈት በኩል በቅርብ ያዩ ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1931) ተፈረመ። ጽሑፉ 7 ምዕራፍና 55 አንቀጽ አለው። ስለ መንግሥቱና ስለ ዙፋኑ ውርስ፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን፣ ስለ ሕዝቡ መብትና ግዴታ፣ ስለ ምክር ቤቶቹ፣ ስለ ሚኒስትሮች፣ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ መንግሥት ገንዘብ በተራ ይደነግጋል። በፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ የየአንቀጹን ትርጉም ለተሰበሰቡት መሳፍንትና መኳንንት ያብራሩት አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። ከዐሥራ አራት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1932፣ በባሕሩ ማዶ የሱዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ውሕደት ታወጀ። ሁለቱ ጎረቤት አገሮች የዘመናዊ መንግሥትነታቸውን መሠረት በጽሑፍ ያኖሩት በዐሥራ አራት ወር ልዩነት ነው።

በአዲሱ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ፣ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ይባላሉ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን አባላት ግን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ፤ ይህም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ለጊዜው የተደረገ ነው ተብሎ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ለተራው ሰው በሕግ ካልሆነ እንዳይታሰር፣ ቤቱ እንዳይበረበር፣ ንብረቱ እንዳይወሰድ የሚሉ መብቶች ተደነገጉ፤ ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በአስጨናቂ ጊዜ ከሕጉ በላይ የመሥራት ሥልጣን ነበራቸው። ምክር ቤቶቹ ይመክራሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዙፋኑ ነው።

ይህን ሕግ የሚመዝን አንባቢ ሁለት ሚዛን መያዝ አለበት። በአንድ በኩል ሕጉ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ከመቀነስ ይልቅ አጠንክሮታል፤ የዙፋኑ ውርስም በአንድ ቤት ዘር እንዲጸና አድርጓል። በሌላ በኩል ታላላቅ መሳፍንት አገራቸውን ከአባት ወደ ልጅ በውርስ የመግዛት መብት በሕጉ ውስጥ አላገኙም። አገር ገዥነት የቤተሰብ ርስት ሳይሆን የመንግሥት ሥራ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። በጨርጨር ገዥነቱን በደንብ ለመወሰን የደከሙት ሰው አሁን ገዥነትን ሁሉ በአንድ ሕግ ሥር አስገቡት። ሕዝቡ ገዥውንም ሕግ አውጪውንም የሚመርጥበትን ቀን ግን ለወደፊት ተዉት። የሕጉ ዋና ተስፋም፣ ዋና ጉድለትም እስኪበቃ ድረስ በምትለው በዚያች አጭር ሐረግ ውስጥ ነበር፤ መብቃቱን የሚወስነው ማን እንደ ሆነ አልተጻፈምና።

ሕጉ ከወጣ በኋላ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በአገር ውስጥ ብዙ አልቆዩም። ወደ አውሮጳ ተልከው በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ዘንድ የአገራቸው መልእክተኛ ሆኑ። ኢትዮጵያ ወደዚህ ማኅበር የገባችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር፤ አባል መሆኗም ከጥቃት እንደሚጠብቃት ታምኖ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን በወልወል የውኃ ጉድጓድ አጠገብ የጣሊያንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተጋጩ። ሙሶሊኒ ግጭቱን ለወረራ ሰበብ አደረገው። መድፍ ተምረው የተመለሱት መኮንን አሁን የአገራቸውን ጉዳይ በሰነድና በንግግር መከላከል ነበረባቸው።

በጄኔቭ የነበረው ክርክር ወራት ፈጀ። የኢትዮጵያን ጉዳይ ከመልእክተኞቹ ጋር ሆኖ የሚከራከረው የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ጋስቶን ዤዝ ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያ በማኅበሩ ውስጥ ለመቀመጥ አትበቃም እያለች ክስ ስታቀርብ፣ ኢትዮጵያ የማኅበሩ ቃል ኪዳን ለትልቁም ለትንሹም አባል እኩል ይሠራል እያለች መለሰች። የተክለ ሐዋርያት የቆየ ጥያቄ እዚህም መጣ። በጨርጨር ጥያቄው በሹምና በገባር መካከል ነበር፤ በጄኔቭ ደግሞ በኃያል መንግሥትና በደካማ መንግሥት መካከል ሆነ። በሁለቱም ስፍራ ጽሑፉ አለ፤ የጎደለው ጽሑፉን የሚያስከብር እጅ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ከአራት ቀን በኋላ የማኅበሩ ምክር ቤት ጣሊያን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት እንደ ጀመረች ወሰነ፤ የንግድ ማዕቀብም ተጣለባት። ነገር ግን ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፤ የስዌዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደ ሆነ ቀረ። ፍርዱ ለኢትዮጵያ ተፈርዶ ሳለ ድሉ ለጣሊያን ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደ ስደት ሄዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የጠላት ጦር ዋና ከተማዪቱን ያዘ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የንጉሠ ነገሥቱን ከአገር መውጣት አልደገፉም፤ በአገር ውስጥ ሆኖ መዋጋት ይሻላል ከሚሉት ወገን ነበሩ። ይህ የሐሳብ ልዩነት በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን የቆየ ግንኙነት አሻከረው። በዚህ ጉዳይ በስም የሚመሳሰሏቸው ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትም ተመሳሳይ አቋም ስለ ነበራቸው አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ይምታታሉ፤ ነገር ግን የተለያዩ ናቸው። ተክለ ሐዋርያት ከዚያ በኋላ ራሳቸውም ስደተኛ ሆኑ። ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባሕሩ ማዶ ወደ ኤደን፣ በመጨረሻም ወደ ማዳጋስካር ደሴት ተሻገሩ። አገራቸው በ1933 ዓ.ም. ነጻ ወጥታ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዙፋናቸው ሲመለሱም እርሳቸው ወዲያው አልተመለሱም፤ ብዙ ዓመታት በባዕድ ደሴት ኖሩ። በውጭ አገር የሚኖር አንባቢ የእነዚያን ዓመታት ክብደት ከማንም ይልቅ ይገምተዋል፤ አገር ነጻ ሆኖ ሳለ ከአገር ርቆ መኖር የራሱ ዓይነት ሐዘን አለውና።

በመጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ሹመት ፍለጋ ደጅ አልጠኑም። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር። ወደሚያውቁት ወደ ጨርጨር ሄደው በሂርና እርሻቸውን ያዙ። አንድ ጊዜ የአውራጃው ገዥ ሆነው ግብሩን የወሰኑበት አገር አሁን በገበሬነት ኖሩበት። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ደግሞ በዚያ ዘመን በመንግሥት ሥራና በድርሰት ስማቸው ገኖ ነበር፤ አርአያ የተባለው ልብ ወለዳቸው በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ነው። አባት በቴአትር የጀመሩትን የማኅበራዊ ነቀፋ መንገድ ልጅ በልብ ወለድ ቀጠሉት።

ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ ድምፅ መረጡ። ሕዝቡ እስኪበቃ ድረስ የተባለው ጊዜ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ቢያንስ በከፊል ደረሰ ማለት ነው። ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ አገር ገዥዎችም እንደ ቀድሞው በዘውድ ይሾሙ ነበር። የገባሩና የመሬቱ ጥያቄም ሳይፈታ ሰነበተ። በ1966 ዓ.ም. የተነሣው አብዮት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድና በዚያው ዓመት የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አርቃቂ ገና በሕይወት ነበሩ። ያገለገሉት ዙፋን ወድቆ፣ የጻፉት ሥርዓት ተሽሮ፣ ለማቅለል የደከሙለት የገባር ሸክም በሌላ እጅ ሲሻር አዩ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) በዘጠና ሁለት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው በሂርና ዐረፉ። ከዐድዋ ዘመቻ እስከ አብዮቱ ያለውን ዘመን በአንድ ዕድሜ ያካተቱ፣ ከምኒልክ እስከ ደርግ አምስት የአገዛዝ ዘመን ያዩ ሰው ነበሩ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ ቀርቧል። መጽሐፉ የዘመኑን ቤተ መንግሥት ከውስጥ ሆነው ካዩት ጥቂት ምስክሮች መካከል አንዱ በመሆኑ የታሪክ አጥኚዎች ደጋግመው ይጠቅሱታል።

የእኚህ ሰው ሕይወት አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። ሹመታቸውን ሁሉ ያገኙት ከላይ ነው፤ የወረዱትም ከላይ በመጣ ፈቃድ ነው። ለጨርጨር ገበሬ የሠሩለትን ያህል የጨርጨር ገበሬ ለእርሳቸው ሊያደርግላቸው የሚችለው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ድምፅ አልነበረውምና። ዛሬ በምርጫ የሚወዳደር ሕግ አውጪ ከተሸነፈ የሚያሸንፈው ሕዝብ ነው፤ ካሸነፈም የሚያቆመው ሕዝብ ነው። ተክለ ሐዋርያት ይህን የሚያደርግ ሥርዓት አላገኙም፤ በሩን ግን በአንዲት ሐረግ ገርበብ አድርገው ትተውታል።

በሪያድ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የጭሮን ገበያ፣ የሂርናን ኮረብታና የጨርጨርን ቡና ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ አይጠፋም። በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ የከተማዪቱን ቈርቋሪ ስም ላይሰማ ይችላል። ሆኖም ግብር በደረሰኝ ሲከፈል፣ ሹም በሕግ ሲጠየቅ፣ ምክር ቤት ሲሰበሰብ፣ እነዚህ ነገሮች በኢትዮጵያ ምድር በጽሑፍ እንዲገኙ ቀድመው ከደከሙት ሰዎች አንዱ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።